ዲስኩ ነው ወይስ ገመዱ? የአንድ ዜድኤፍኤስ ፑል የጥገና ማስታወሻ

ሳይነኩ መመዝገብ

ዜድኤፍኤስ ብዙ ዲስኮችን አቀናጅቶ እንደ አንድ ማከማቻ የሚያቀርብ ፋይል ሲስተም ነው፤ ያ ማከማቻ ፑል ይባላል። የዚህ ሰርቨር ፑል «ጎተራ» ይባላል። ባለ 4 ቴራባይት ስድስት ዲስኮች በሬይድዜድ2 ተደራጅተውበታል። ሁለት ዲስክ ቢሞት እንኳ ዳታው ይተርፋል ማለት ነው። ሰርቨሩ 32 ጊጋባይት ኢሲሲ (ስህተቱን ራሱ የሚያርም) ራም አለው። ዲስኮቹ የተገናኙት ከኤችቢኤ (ዲስኮችን ከማሽኑ ጋር በቀጥታ ከሚያገናኝ) ካርድ ጋር ነው፤ በመሃል ሬይድ ኮንትሮለር የለም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዜድኤፍኤስ እያንዳንዱን ዲስክ በቀጥታ ማየት ካልቻለ ስህተቱ ከየትኛው እንደመጣ ለይቶ ሊነግረን አይችልም።

የፑሉን ሁኔታ የሚናገረው «ዜድፑል ስታተስ» ትዕዛዝ ያሳየኝ ይሄን ነው። የፑሉ ሁኔታ «ዲግሬድድ» (ይሠራል፣ ግን ጉድለት አለበት)። ሶስተኛው ዲስክ በቼክሰም (የዳታውን ትክክለኛነት ማረጋገጫ ቁጥር) ዓምድ 212 ስህተት አለው፤ አጠገቡም ስህተት እንደበዛበት የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ደግሞ 9፣ 6 እና 11። አምስተኛውና ስድስተኛው ንጹህ ዜሮ። ከታች ሊጠገን ያልቻለ አንድ ፋይል በስሙ ተጠቅሷል። ፑሉ 94 በመቶ ሞልቷል። ፑሉ ከተፈጠረ ጀምሮ አንድም ጊዜ ስክራብ፣ ማለትም ሙሉ ፍተሻ፣ እንዳልተደረገለት የስካን መስመሩ ያሳያል።

ሰርቨሩን የሚጠቀሙት ሰዎች ሃሳብ ግልጽ ነው፦ «ሶስተኛው ዲስክ ይቀየርና እንገላገል»። እኔን ግን አልተዋጠልኝም። የታመመው አንድ ዲስክ ብቻ ከሆነ የሌሎቹ የሶስቱ ስህተት ከየት መጣ?

መጀመሪያ ሁሉንም ነገር በጽሑፍ ፋይል አስቀመጥኩ፦ የስታተሱን ውጤት፣ የፑሉን ዝርዝር፣ የዳታሴቶቹን (ፑሉ የተከፋፈለባቸውን ክፍሎች) የቦታ ሰንጠረዥ፣ የስድስቱንም ዲስኮች የስማርት ንባብ (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበውን)። ፋይሉ የተቀመጠው ሌላ ማሽን ላይ ነው። እየተጠገነ ባለው ፑል ውስጥ የጥገናውን ማስታወሻ ማስቀመጥ ትርጉም የለውም።

«ዜድፑል ሂስትሪ» ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ግን ወርቅ የሆነ ትዕዛዝ ነው። ፑሉ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ሁኔታውን የቀየረ እያንዳንዱ ትዕዛዝ ከነቀኑ እዚያ አለ። ከሱ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛው ጥሩ ዜና ነው። ፑሉ ሲሠራ አሺፍት 12 ተብሎ ነው፤ ማለትም ባለ 4096 ባይት ሴክተር (ዲስክ የሚጽፍበት ትንሹ ክፍል)። ይሄ ቁጥር አንዴ ከተወሰነ አይቀየርም። 9 ሆኖ ቢሆን ኖሮ ዘመናዊ ዲስክ ላይ ፍጥነቱ ይጎዳ ነበር፤ መፍትሔውም ፑሉን እንደ አዲስ መሥራት ብቻ ነው። ሁለተኛው መጥፎ ነው። ዲስኮቹ የተመዘገቡት ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ በሚባሉት ስሞች ነው። እነዚህ ስሞች ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሊለዋወጡ ይችላሉ። ዛሬ ኤስዲሲ የተባለው ነገ ኤስዲዲ ሊሆን ይችላል። የተበላሸ ዲስክ ልነቅል ብሎ ጤነኛውን መንቀል የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ ሰንጠረዥ ሠራሁ፦ የዲስኩ ሲሪያል ቁጥር፣ ያለበት ማስገቢያ፣ የተሰካበት የገመድ ጫፍ። የሲሪያሉን የመጨረሻ አራት ፊደላት በእያንዳንዱ ትሪ ፊት ለፊት ለጠፍኩ። አሰልቺ ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ ግን የተፈታው በዚህ ሰንጠረዥ ነው።

ኮፒው ይቅደም

ብዙ መመሪያ «ስህተት ካያችሁ ስክራብ አድርጉ» ይላል። ስክራብ ማለት ፑሉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ብሎክ አንብቦ ከቼክሰሙ ጋር ማመሳከር፣ ያልገጠመውንም ከፓሪቲው፣ ማለትም ለመጠገኛ ከተቀመጠው ተጨማሪ ዳታ፣ መጠገን ነው። ጥሩ ነው፤ ግን አሁን አይደለም። ስክራብ ሁሉንም ዲስኮች ለሰዓታት ያሠራቸዋል። ደካማ ዲስክ በዚህ መሃል ሊያርፍ ይችላል። ኮፒ ማውጣትም ዲስኮቹን ያሠራቸዋል፤ ልዩነቱ በመጨረሻው እጃችን ላይ ኮፒ መኖሩ ነው።

«ዜድፑል ክሊር»ንም አልነካሁም። ትዕዛዙ የስህተት ቆጣሪዎቹን ወደ ዜሮ ይመልሳል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ቆጣሪውን ማጥፋት ማስረጃ ማጥፋት ነው።

ስናፕሾት (ዳታውን በዚያች ቅጽበት እንዳለ የሚያቆይ ምስል) ወሰድኩና በ«ዜድኤፍኤስ ሴንድ» ወደ ሌላ ማሽን መላክ ጀመርኩ። የድሮዎቹን ስናፕሾቶች በሙሉ ሳይሆን የአሁኑን ብቻ። ለዚህ ምክንያት ነበረኝ። ሊጠገን ያልቻለው ፋይል የሚገኘው አንድ የቆየ ስናፕሾት ውስጥ ብቻ ነው፤ አሁን ባለው ዳታ ውስጥ ከተሰረዘ ቆይቷል። ሴንድ የተበላሸ ብሎክ ሲያጋጥመው የንባብ ስህተት ብሎ ይቆማል። ታሪኩን ሁሉ ልላክ ብል እዚያ ስናፕሾት ላይ ይሰበር ነበር።

መጠኑ 9 ቴራባይት ከምናምን ነው። በአንድ ጊጋቢት ኔትወርክ ላይ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። ይህን ያህል ረጅም ሥራ ሳይቋረጥ ያልቃል ብሎ መገመት አይቻልም። ተቀባዩ ላይ ኤስ የምትባለውን ምርጫ የጨመርኩት ለዚህ ነው። በመሃል ሲቋረጥ እስከዚያ የደረሰውን አይጥልም፤ የት እንደደረሰ የሚገልጽ ቶከን ያስቀምጣል። እንደተፈራውም ኔትወርኩ መንገድ ላይ ተቋረጠ። ቶከኑን ከተቀባዩ ዳታሴት አንብቤ ለሴንድ ሰጠሁት፤ ካቆመበት ቀጠለ። ያለዚህች አንዲት ፊደል ሁሉም ከዜሮ ይጀመር ነበር።

ተቀባዩ ላይ ዩ የምትባለውንም ጨምሩ። የደረሰው ዳታሴት በራሱ ማውንት እንዳይሆን (እንደ ፎልደር እንዳይከፈት) ትከለክላለች። ካልሆነ የኮፒው ዳታሴት እዚያ ማሽን ላይ ያለ ሌላ ፎልደር ላይ ሊደረብ ይችላል።

ገመዱ

ኮፒው አለ። አሁን በእርጋታ ማሰብ ይቻላል።

ሬይድዜድ2 ሁለት ስህተት ይሸከማል። አንድ ብሎክ ጨርሶ ሊጠገን አልቻለም ማለት ለዚያ ብሎክ ቢያንስ ሶስት ዲስኮች በአንድ ጊዜ የተሳሳተ መልስ ሰጥተዋል ማለት ነው፤ አለበለዚያ ዳታው ዲስክ ላይ ሳይደርስ ተበላሽቷል። ሶስተኛው ዲስክ ብቻውን፣ የፈለገውን ያህል ቢበላሽ፣ ይሄን ማድረግ አይችልም። ስለዚህ መፈለግ ያለበት ዲስኮቹ የሚጋሩት ነገር ነው፦ ገመድ፣ ካርድ፣ የኃይል መስመር ወይም ራም።

ሰንጠረዡን አየሁ። ከአንደኛው እስከ አራተኛው ያሉት ዲስኮች በአንድ ባለ አራት ጫፍ ገመድ ላይ ናቸው። አምስተኛውና ስድስተኛው በሌላ ገመድ ላይ። ስህተት ያለባቸው አራቱ በትክክል እነዚያ አራቱ ናቸው።

የስማርት ንባቡም ወደዚያው ይጠቁማል። ስማርት ብዙ ቁጥር ያወጣል፤ እኔ በመጀመሪያ የማየው አራቱን ነው። ቁጥር 5 ተበላሽተው ዲስኩ በመለዋወጫ የተካቸውን ሴክተሮች ይቆጥራል። 197 ማንበብ አቅቶት ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ 198 ደግሞ ዲስኩ ራሱን ሲፈትሽ ማንበብ ያልቻለውን ይቆጥራል። እነዚህ ሶስቱ የዲስኩን ገላ የሚመለከቱ ናቸው። 199 ግን የተለየ ነው። በዲስኩና በኮንትሮለሩ መካከል መንገድ ላይ የተበላሹ መልእክቶችን ነው የሚቆጥረው። ሶስተኛው ዲስክ ላይ 5፣ 197 እና 198 ሁሉም ዜሮ ናቸው። 199 ግን 1846። ዲስኩ ጤነኛ ነው፤ መንገዱ ነው የታመመው።

199 ከጨመረ አይቀንስም። ገመዱ ቢቀየርም የድሮው ቁጥር እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ የሚታየው ትልቅነቱ ሳይሆን እየጨመረ መሆን አለመሆኑ ነው።

የከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሎግ ደግሞ ግንኙነቱ እየተቋረጠ እንደገና በሚጀመርባቸው መስመሮች ተሞልቷል። በብዛት የሚታዩት ከባድ ጽሑፍ ባለበት ሰዓት ነው። ዲስኩ ለአፍታ ሲጠፋ በዚያች ቅጽበት ሊጻፍበት የነበረው ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። ተመልሶ ሲመጣ እዚያ ቦታ ላይ ያለው አሮጌ ዳታ ነው። ዜድኤፍኤስ ሲያነበው ከቼክሰሙ ጋር አይገጥምም። ሌላ ፋይል ሲስተም ቢሆን አሮጌውን ዳታ እንደ ትክክለኛ ይሰጠን ነበር።

መጀመሪያ የሞከርኩት ቀላሉን ነው። ማሽኑን አጥፍቼ የገመዱን ጫፎች ነቅዬ በደንብ ሰካኋቸው። አስነስቼ ለሰዓታት ከባድ ንባብ አስጀመርኩ። 199 ከ1846 ወደ 1849 ሄደ። ሶስት ብቻ ነው፤ ግን ጤነኛ ገመድ ላይ ሶስትም መኖር የለበትም።

ቀጥሎ ገመዱን መቀየር። ሲወጣ ምክንያቱ በዓይን ታየ። ገመዱ ከሚገባው በላይ ረዝሞ ከዲስክ ማቀፊያው ጀርባ በኃይል ታጥፎ ነበር፣ የሳጥኑ ክዳንም ይጫነዋል። እጥፋቱ ያለው ወደ ሶስተኛው ዲስክ በሚሄደው ጫፍ ላይ ነው። በአጭር ገመድ ተካሁት፤ የካርዱን ሶኬት ግን አልቀየርኩም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ብቀይር ጥፋተኛው የትኛው እንደነበር አላውቅም። ያንኑ ንባብ ሌሊቱን ሙሉ ደገምኩት። 199 ከ1849 ንቅንቅ አላለም።

ማሽኑ ሲጠፋ ሲበራ የዲስኮቹን ስም ጉዳይም ጨረስኩት። ፑሉን ኤክስፖርት አድርጎ (ከማሽኑ አላቅቆ)፣ ዲስኮችን በመለያቸው በሚዘረዝረው ባይ-አይዲ ማውጫ በኩል መልሶ ኢምፖርት ማድረግ (ማስገባት) ነው። ከዚያ በኋላ ስታተሱ ዲስኮቹን በሞዴልና በሲሪያል ቁጥር ይጠራቸዋል። ዳታው አይነካም፤ ጊዜውም ደቂቃ አይሞላም። ኢምፖርት ሲደረግ «ፑሉ በሌላ ሲስተም ጥቅም ላይ ነበር» የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ ግን ቆም በሉ። ኤፍ የምትባለውን ምርጫ ጨምሮ ማስገደድ የሚቻለው ሌላው ማሽን በእርግጥ እንዳልያዘው ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ሁለት ማሽን አንድን ፑል በአንድ ጊዜ ከጻፈበት ፑሉ አለቀለት።

ስክራቡ ያወጣው

አሁን ነው ቆጣሪውን አጥፍቼ ስክራብ ያስጀመርኩት። ሲጀምር የሚያሳየው የሚቀር ጊዜ አይታመንም። ስክራብ በሁለት እርምጃ ይሄዳል፦ መጀመሪያ ሜታዳታውን (ዳታው የት እንዳለ የሚገልጸውን መረጃ) አንብቦ ብሎኮቹን በቦታቸው ቅደም ተከተል ያሰልፋል፣ ከዚያ ዳታውን ያነባል። «ስካንድ» የሚለው ቁጥር ቶሎ ይሮጣል። እውነተኛውን ሥራ የሚያሳየው «ኢሹድ» የሚለው ነው። 14 ሰዓት አካባቢ ፈጀ።

ሶስተኛው ዲስክ ላይ አሁንም የቼክሰም ስህተት ተቆጠረ። ይሄ የሚጠበቅ ነው። ገመዱ በተበላሸ ጊዜ የተሳሳቱት ብሎኮች እስኪነበቡ ድረስ እዚያው ነበሩ፤ ስክራቡ አገኛቸውና ጠገናቸው። የድሮ ጠባሳ እንጂ አዲስ ቁስል አይደለም። ለዚህ ነው ከጥገና በኋላ ሁለተኛ ስክራብ የሚያስፈልገው። ዳኝነቱ የሚሰጠው በሁለተኛው ነው።

ያልጠበቅኩት ስድስተኛው ዲስክ ነው። በመጀመሪያው ስታተስ ንጹህ ዜሮ የነበረው። አሁን በንባብ ዓምዱ ላይ 14 ስህተት። ስማርቱን እንደገና አነበብኩ፦ 197 ላይ 24፣ 198 ላይ 24፣ ቁጥር 5 ላይ 8። 199 ዜሮ። ገመዱ ደህና ነው። ይሄኛው ዲስክ በእውነት እየሞተ ነው።

እስካሁን ለምን አልታየም? ዜድኤፍኤስ ቼክሰም የሚያመሳክረው ብሎኩ ሲነበብ ነው። የተበላሹት ሴክተሮች ማንም የማይከፍታቸው የቆዩ ፋይሎች ያሉባቸው ናቸው። ስክራብ ተደርጎ ስለማያውቅ ማንም አላነበባቸውም። ዜሮው ጤንነትን አላሳየም፤ ያሳየው አለመጠየቁን ነው።

እስቲ መጀመሪያ የተባለው ቢደረግ ምን ይመጣ እንደነበር አስቡት። ጤነኛው ሶስተኛ ዲስክ ይነቀላል። በምትኩ የገባው አዲሱ ዲስክ በዚያው በታጠፈው ገመድ ላይ ይሰካል። ሪሲልቨር (አዲሱን ዲስክ ከሌሎቹ መሙላት) ይጀምርና የቀሩትን አምስት ዲስኮች ሁሉ ያነባል። ስድስተኛው ማንበብ የማይችላቸው ቦታዎች ላይ ይደርሳል። አንድ መጠባበቂያ በንቅለቱ፣ ሁለተኛው በስድስተኛው ሄደ። ከዚያ ገመዱ አንድ ጊዜ ሲቋረጥ ሶስተኛው ስህተት ይመጣል፤ ያ ብሎክ አይመለስም። ዳታው የሚጠፋው በብልሽቱ ሳይሆን በጥገናው ነበር።

አዲሱ ዲስክ እስኪፈተን፣ ቦታ ማስለቀቅ

ለምትክ የሚሆን ዲስክ ሲመረጥ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ መጠኑ በባይት ሲቆጠር ከድሮው ማነስ የለበትም። ሳጥኑ ላይ 4 ቴራባይት መባሉ ብቻ አይበቃም። ሁለተኛ፣ የአጻጻፍ ዓይነቱ። ኤስኤምአር የሚባሉት ዲስኮች ትራኮቻቸው እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተደራረቡ ናቸው። አንዱን ለመጻፍ የጎረቤቱንም እንደገና መጻፍ ግድ ይላል። ለሪሲልቨር አይሆኑም። ረጅም ጽሑፍ ሲበዛባቸው ፍጥነታቸው ይወድቃል፤ አንዳንዴም መልስ ከማዘግየታቸው የተነሳ ፑሉ እንደሞቱ ይቆጥራቸዋል። የሚፈለገው ትራኮቹ የማይደራረቡበት ሲኤምአር ነው።

አዲስ ዲስክ ሳይፈተን አላስገባም። የስማርት ረጅም ፍተሻ፣ ከዚያ ባድብሎክስ። ባድብሎክስ በመጻፍ ሁነታው ዲስኩን በአራት ዓይነት ቅርጽ ሞልቶ መልሶ ያነባል። በ4 ቴራባይት ዲስክ ላይ ከሁለት ቀን በላይ ይወስዳል። በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ከማስጀመሬ በፊት ሲሪያሉን ከሰንጠረዡ ጋር ደግሜ አመሳከርኩ። ውድ ሰዓት ነው፤ ግን ሪሲልቨር መሃል ላይ የሚሞት ምትክ ከዚህ ይበልጥ ያስከፍላል።

ፍተሻው እየሄደ ወደ ቦታው ጉዳይ ዞርኩ። ዜድኤፍኤስ ያለውን ብሎክ ደርቦ አይጽፍበትም። ሁልጊዜ አዲስ ቦታ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ ጠቋሚውን ይቀይራል። ስለዚህ መሰረዝ ራሱ ነጻ ቦታ ይፈልጋል። ፑሉ ጥርቅም ብሎ ከሞላ ፋይል ማጥፋት ሊያቅት ይችላል። 94 በመቶ ላይ መቆም አይመከርም። ፍጥነቱም ይወርዳል፤ የቀረው ነጻ ቦታ የተበጣጠሰ ስለሆነ። «ፍራግ» የሚለው ዓምድ 61 በመቶ ይላል። ብዙ ሰው ይሄን የፋይሎች መበጣጠስ አድርጎ ይወስደዋል። የነጻው ቦታ መበጣጠስ ነው።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር፦ «ዜድፑል ሊስት» ጠቅላላውን 21.8 ቴራባይት ይላል፣ «ዜድኤፍኤስ ሊስት» ደግሞ 14.5 ገደማ። ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው ፓሪቲውንም ይቆጥራል፤ ሁለተኛው ተጠቃሚው የሚያገኘውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ቦታ ሲታቀድ የሚታየው ሁለተኛው ነው።

ተጠቃሚዎቹ «ፋይል ሰርዘናል፣ ቦታው ግን አልተመለሰም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። «ዜድኤፍኤስ ሊስት» በስፔስ ምርጫ ያወጣው ሰንጠረዥ 3.8 ቴራባይት የያዙት ስናፕሾቶች እንደሆኑ ያሳያል። የሰዓት ስናፕሾት የሚወስድ ነገር ተዘጋጅቷል፤ የቆየውን የሚያጠፋ ግን የለም። ስናፕሾት የያዘው ብሎክ ፋይሉ ቢሰረዝም አይለቀቅም።

የእያንዳንዱ ስናፕሾት «ዩዝድ» ቁጥር ደግሞ ያታልላል። የሚያሳየው ያ ስናፕሾት ብቻውን የያዘውን ነው። ሁለት ስናፕሾቶች አንድን ብሎክ ከተጋሩ በአንዳቸውም ላይ አይቆጠርም። እያንዳንዳቸው ጥቂት ሜጋባይት የሚያሳዩ መቶ ስናፕሾቶች አንድ ላይ ሲጠፉ ቴራባይት ሊለቁ ይችላሉ። እውነቱን ለማወቅ የስናፕሾቶቹን ረድፍ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሰጥቶ የማጥፊያ ትዕዛዙን «ዜድኤፍኤስ ዲስትሮይ»ን ኤን እና ቪ ከሚባሉት ምርጫዎች ጋር ማስኬድ ነው። ኤን ስላለች ምንም አይጠፋም፤ ቢጠፋ ስንት እንደሚለቀቅ ብቻ ይናገራል። ከአንድ ወር በላይ የሆናቸውን ስጠይቀው 3.1 ቴራባይት አለኝ። ዝርዝሩን ለባለቤቶቹ አሳይቼ፣ እሺ ሲሉኝ ኤን ሳይኖር ደገምኩት። ቦታው ወዲያው አይመጣም፤ ከጀርባ ቀስ እያለ ይለቀቃል። «ፍሪኢንግ» የሚለው የፑሉ ንብረት ዜሮ ሲደርስ አልቋል ማለት ነው።

ከዚያ አንድ የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ ዓይኔን ሳበው። በውስጡ 400 ጊጋባይት ነው ያለው፤ ፑሉ ላይ ግን 800 ይዟል። ስናፕሾት የለውም። ስሌቱን ወረቀት ላይ ሠራሁት፤ ቆንጆ ስለሆነ እዚህ ላስቀምጠው። ይሄ ዜድቮል (ፑሉ ውስጥ እንደ ዲስክ የሚያገለግል ክፍል) ሲፈጠር የብሎክ መጠኑ 8 ኪሎባይት ነበር። በባለ 4096 ባይት ሴክተር ሁለት የዳታ ሴክተር ማለት ነው። ሬይድዜድ2 ሁለት ፓሪቲ ይጨምራል፣ አራት ሆነ። ሬይድዜድ ደግሞ እያንዳንዱን ድልድል ወደ ፓሪቲ ሲደመር አንድ ብዜት፣ እዚህ ላይ ወደ ሶስት ብዜት፣ ያሳድጋል። አራት ወደ ስድስት ሆነ። ስለዚህ 8 ኪሎባይት ለማስቀመጥ 24 ኪሎባይት ጥሬ ቦታ ይሄዳል። ብሎኩ 16 ኪሎባይት ቢሆንስ? አራት ዳታ፣ ሁለት ፓሪቲ፣ በትክክል ስድስት። ያው 24 ኪሎባይት እጥፍ ዳታ ይይዛል።

የዜድቮል የብሎክ መጠን ከተፈጠረ በኋላ አይቀየርም። በሴንድና በሪሲቭ ቢዛወርም ያንኑ መጠን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ባለ 16 ኪሎባይት አዲስ ዜድቮል ፈጥሬ፣ ቨርቹዋል ማሽኑን አጥፍቼ፣ ዲዲ በሚባለው የመቅጃ ትዕዛዝ ቀዳሁት። ማሽኑ ከአዲሱ ተነስቶ መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ የድሮውን አጠፋሁ። 400 ጊጋባይት ተመለሰ። ዋጋ አለው፤ ከ16 ኪሎባይት የሚያንሱ የተበታተኑ ጽሑፎች አሁን ትንሽ ይከብዳሉ። ዳታቤዝ የሚያሽከረክር ቢሆን ሬይድዜድን ትቼ ሚረር (ዲስኮቹ አንድ ዓይነት ዳታ የሚይዙበት አደረጃጀት) ላይ ነበር የማስቀምጠው።

ፑሉ 70 በመቶ አካባቢ ወረደ።

መተካት

አዲሱ ዲስክ ፍተሻውን አለፈ። ሳጥኑ ውስጥ ሰባተኛ ማስገቢያ ስላለ ስድስተኛውን ሳልነቅል አዲሱን ጎኑ ሰካሁ። ይሄ ወሳኝ ነው። ድሮው ቦታው ላይ እያለ «ዜድፑል ሪፕሌስ» ሲደረግ፣ የድሮው ዲስክ የሚያነበውን ያህል ያነባል፣ ያቃተውን ብቻ ከፓሪቲ ይሞላል። መጠባበቂያው በጠቅላላው ሥራ ጊዜ ሁሉ አይጓደልም። መጀመሪያ ነቅሎ መተካት ያለ ምክንያት አንድ ደረጃ መውረድ ነው።

ስታተሱ ላይ «ሪፕሌሲንግ-5» የሚል ቡድን ታየ፤ ከስሩ አሮጌውና አዲሱ። 5 ያለው ከዜሮ ስለሚቆጥር ነው። ዜድኤፍኤስ የሚቀዳው ዳታ ያለበትን ብቻ ስለሆነ ቦታ ማስለቀቁ እዚህም ጠቀመ። 9 ሰዓት ገደማ ወስዶ አለቀ፣ አሮጌው ዲስክ በራሱ ከፑሉ ወጣ። ሲሪያሉን አይቼ ነቀልኩት።

ከዚያ የዳኝነቱ ስክራብ። የተጠገነ 0፣ ስህተት 0፣ በሁሉም ዓምድ። የቀረው አንድ ነገር ያ የተበላሸ ፋይል ነው። ስናፕሾቱ ስለጠፋ ስሙ ቀርቶ በቁጥር ብቻ ተጽፏል። ፑሉ የስህተት ዝርዝሩን ካለፈው ስክራብም ያቆየዋል፤ ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ስክራብ ጠየቀ። ከሱ በኋላ ዝርዝሩ ባዶ ሆነ።

ዳግም እንዳይመጣ

ስክራብ በወር አንዴ በታይመር። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ከደረሰ ፒ በምትባለው ምርጫ ለጊዜው ቆሞ ሊቀጥል ይችላል። የስማርት አጭር ፍተሻ በሳምንት፣ ረጅሙ በወር፤ ከስክራቡ ጋር እንዳይገጥም ቀኑ ተለይቷል። የስናፕሾት መውሰጃው አሁን የቆየውንም ያጠፋል።

ማስጠንቀቂያውን የሚልከው ዜድ የተባለው ዴሞን (ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) ነው። ተዘጋጅቷል ብሎ መተው አይበቃም፤ መልእክቱ በእርግጥ መድረሱ መታየት አለበት። ለዚህ ዲስክ ማበላሸት አያስፈልግም። 256 ሜጋባይት የሆኑ ሶስት ፋይሎች ሠርቶ በነሱ ላይ ትንሽ ሬይድዜድ ፑል መፍጠር ይቻላል። ዳታ ሞላሁበት፣ ከፋይሎቹ አንዱን መሃሉ ላይ በዲዲ ዝባዝንኬ ጻፍኩበት፣ ስክራብ አልኩት። የቼክሰም ስህተቱ ተቆጠረ፣ ኢሜይሉም መጣ። ሪፕሌስን፣ ኤክስፖርትን፣ ማንኛውንም የማያውቁትን ትዕዛዝ እንዲህ ባለ የፋይል ፑል ላይ መለማመድ ይቻላል። እኔ እያንዳንዱን ከባድ ትዕዛዝ መጀመሪያ እዚያ ነው የማየው።

ለሙላቱ ደግሞ ባዶ ዳታሴት ፈጥሬ 300 ጊጋባይት ሪዘርቬሽን (ለሱ ብቻ የተያዘ ቦታ) ሰጠሁት። ማንም አይጽፍበትም። ፑሉ አንድ ቀን ሞላ ሲል ሪዘርቬሽኑን መቀነስ ለመሰረዣ የሚሆን ቦታ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ቡድን ዳታሴትም ኮታ ገብቷል።

ሁለት ነገር ደግሞ ሆን ብዬ አላደረግኩም። ስታተሱ «አዳዲስ ፊቸሮች አሉ፣ አፕግሬድ አድርግ» ይላል። «ዜድፑል አፕግሬድ» ወደ ኋላ የለውም። ፑሉ ያለ እሱም ይሠራል። የኮፒው ማሽን ላይ ያለው የዜድኤፍኤስ ቨርዥን የቆየ ነው፤ አዲሶቹ ፊቸሮች ከነቁ በችግር ጊዜ ዲስኮቹን እዚያ ወስዶ ኢምፖርት ማድረግ ላይቻል ይችላል። ሁለቱም እኩል ሲሆኑ ይታያል።

ሁለተኛው፣ የተረፈው ማስገቢያ ላይ ሌላ ዲስክ ጨምረን ፑሉን እናስፋ የሚለው ሃሳብ ነው። እዚህ ላይ «አድ» እና «አታች» የሚሉት ትዕዛዞች ልዩነት ሕይወት ነው። «አድ» አንዱን ዲስክ ራሱን የቻለ ክፍል አድርጎ ከሬይድዜዱ ጎን ያስቀምጠዋል። እሱ ብቻውን ሲሞት ፑሉ በሙሉ ይሞታል፤ ሬይድዜድ ካለበት ፑል ደግሞ መልሶ ማውጣት አይቻልም። ትዕዛዙ ያስጠነቅቃል፣ ኤፍ ከተጨመረ ግን ይፈጽማል። ሬይድዜድን በአንድ ዲስክ ማስፋት የሚቻለው በ«አታች» ነው፤ እሱም በ2025 መጀመሪያ ከወጣው ኦፕንዜድኤፍኤስ 2.3 ጀምሮ። እዚህ ያለው ከዚያ በፊት የነበረ ነው። አዲሱ ቢኖርም እንኳ የቆየው ዳታ እንደገና እስኪጻፍ ድረስ በድሮው የዳታና ፓሪቲ ምጣኔ ነው የሚቆየው፤ የሚገኘው ቦታ ከሚጠበቀው ያንሳል። ለአሁኑ 70 በመቶ ይበቃል።

ዛሬ የሠራሁት የመጨረሻው ሥራ ኮፒውን መፈተሽ ነው። ከኮፒው ማሽን አንድ ዳታሴት መልሼ ወደ ጎተራ በሌላ ስም አመጣሁ፤ ፋይሎቹንም ከዋናው ስናፕሾት ጋር ሻ256 በሚባለው የቼክሰም ዓይነት አመሳከርኳቸው። ሁሉም ገጠሙ። ከነገ ጀምሮ በየሌሊቱ የሚላከው ልዩነቱ ብቻ ነው፤ የትናንቱን ስናፕሾት መነሻ አድርጎ። ሁለቱም ጎን የጋራ የሆነችዋ ስናፕሾት የቆየውን በሚያጠፋው ፕሮግራም እንዳትሰረዝ በ«ዜድኤፍኤስ ሆልድ» ተይዛለች። እሷ ከጠፋች 9 ቴራባይቱ እንደገና ከመጀመሪያው ይላካል።